ስለ በርኖስና ስለ ሱሪ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከዘመዶቼ አንዱ ልጁን ሲድር፣ በጎንደር ከተማ በሠርጉ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ በዚያ ላይ ዳርና ዳሩ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ካባ ደርቦ ወደ ድንኳኑ ገባ። እልልታው ጋብ ሲል ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁና፦

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት አለባበስ ነው? ወይ እንደ አባቶቹ፣ ወይ እንደ ፈረንጆቹ መልበስ ነው እንጂ፣ ከላይ ካባ ከታች የፈረንጅ ሱሪ ይሆናልን? የሰው ወርቅ አያደምቅ!» አሉ።

ይህን የሰማ አንድ ወጣት፣ በትሕትና ዝቅ ብሎ «አባባ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ጋቢዎን የደረቡት በኮትና በሱሪ ላይ አይደለምን?» አላቸው። በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሣቁ። ሽማግሌው ግን አልሣቁም፤ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እርስዎ ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ።

እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ። ዝም ያልሁበትም ምክንያት መልስ አጥቼ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት ይኸው ጥያቄ ቀርቦልኝ በችኮላ ፈርጄ ነበርና፣ በዚያም ፍርዴ አንድ ሰው ጎድቼ ነበርና ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ግን ውድ አንባቢ ሆይ፣ የደጋውን ሰው አለባበስ ከታሪኩ ጋር አብረን እንመልከት።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በወገራ በኩል አድርጎ ዳባትንና ደባርቅን ያደርሳል። ከዚያ በላይ የስሜን ተራሮች ይጀምራሉ፤ ከነዚህም አንዱ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጩ በሣሩ ላይ ነጥቶ ያድራል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ትከሻውንና ደረቱን የሚሸፍንበትን ልብስ ከሁሉ አስቀድሞ ያስባል። ሀብት ያለው ከጥጥ የተሠራ አራት ድርብ ጋቢ ይለብሳል፤ የበጉን ጠጉር ያስፈተለ ባናና በርኖስ ያሠራል፤ እረኛውና የቆሎ ተማሪው ደግሞ የበግ ለምድ ወይም ደበሎ ይደርባል። በርኖስ የሚባለው ከጥቁር የበግ ጠጉር ተሠርቶ ከትከሻ እስከ ባት የሚወርድ፣ ዝናምን የሚመልስ፣ ብርድን የሚከለክል ካባ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ነገር ግን ደጋውን ለብሶ ከኖረ ወዲህ ማንም እንግዳ ነህ ብሎት አያውቅም።

በላይኛው ልብስ ላይ አባቶቻችን ሙሉ ቋንቋ ጽፈውበታል። ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ኩታውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ያደገድጋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያጣፋል። ኀዘን ሲደርስበት ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ንጉሥ ሰውን ሲሾም ካባ ያለብሰው፣ ጀግናን ሲሸልም የአንበሳ ለምድ ይሰጠው ነበር። በጎንደር አካባቢ ጥናት ያደረገ ሲሞን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ፣ ይህን የሸማ አለባበስ ቃል የሌለው ንግግር ነው ሲል በ1960 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። እኛ ግን ሊቁ ሳይነግረን በፊት ከእናቶቻችን ተምረነው ነበር።

ስለ ሱሪስ ምን ተጽፏል? ብዙም አልተጻፈበትም። ሱሪ የሥራ ልብስ ነው፤ ጭቃ የሚረግጥ፣ እሾህ የሚጥስ፣ ፈረስ የሚያስጋልብ ነው። ስለዚህ ሱሪ እንደ ዘመኑና እንደ ተገኘው ጨርቅ ሲለዋወጥ ኖረ፤ ክብሩ ግን በትከሻ ላይ ቀረ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነውና፣ በታሪክ እንዴት እንደ ታየ ባጭሩ እገልጣለሁ።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ፣ ከተማይቱ የሩቅ አገር ዕቃ የሚገናኝባት ሆነች። ከህንድ አገር የሚመጣው ሐርና ጥጥ በምጽዋ በኩል፣ ሌላው በስናር በኩል ይገባ ነበር። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ፣ ያየውን አለባበስ መዝግቧል። እንደ እርሱ አባባል ታላላቆቹ ከሐርና ከቀጭን ጥጥ የተሠራ እጀ ጠባብ ሲለብሱ፣ ተራው ሕዝብ ግን የጥጥ ሱሪ ታጥቆ ገላውን በኩታ ይሸፍን ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከላይ የተከበረ ኩታ፣ ከታች ተራ ሱሪ፣ ይህ በጎንደር ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አለባበስ ነው። የታላላቆቹም ሐር ቢሆን የጎንደር ትል የፈተለው አልነበረም። አባቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣውን ተቀብለው፣ ራሳቸው በሰጡት ትርጉም አከበሩት እንጂ፣ እንግዳ ነው ብለው አልጣሉትም።

በ1770 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። እርሱም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በቍስቋም ታማሚዎችን ከረዳ በኋላ፣ ጠጉሩን እንደ አማራ ወግ ተስተካክሎ፣ ልብሱንም እንደ አገሩ ሰው ለብሶ ይኖር ነበር። የዚህን ሰው አገር ታሪክ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለነገራችን ትልቅ ትምህርት አለውና።

ከጎንደር ዘመን በኋላም ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። ዐፄ ምኒልክ ጥልፍ ካባቸውን በነጭ እጀ ጠባብና በነጭ ሱሪ ላይ ደርበው፣ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ በሻሹም ላይ ሰፊ የፈረንጅ ባርኔጣ ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ በየቤቱ ይገኛል። በዐድዋ ድል ያደረጉ ንጉሥ ናቸውና፣ ባርኔጣው አገራቸውን አስረሳቸው የሚል ሰው አይገኝም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከራስ ኃይሉና ከራስ ሥዩም ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ የፓሪስና የሎንዶን ሕዝብ ያያቸው በጥቁር ካባና በነጭ ሱሪ ነው። ጭኑ ላይ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች የሚጠብቀው ሱሪ በአገራችን «ተፈሪ ሱሪ» ይባላል፤ የእንግሊዝ ፈረሰኞች ግን ጆድፑር በምትባል የህንድ ከተማ ስም ይጠሩታል። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው ሲናገሩም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በትከሻቸው ላይ ጥቁር ካባ ነበር።

በዚያን ጊዜ ጎንደር በጣልያን እጅ ነበረች። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው ፒያሳ የሚባለውን ሰፈር ሠሩ፤ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን አቆሙ። በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ድል እስኪሆኑ ድረስ ካኪውና ካፖርቱ በገበያው ተበተነ። ካኪ ማለት በህንዶች ቋንቋ አቧራማ ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ጦር በህንድ አገር የጀመረው የወታደር ልብስ ነው። አርበኞችም ከጠላት የማረኩትን ልብስ ከኩታቸው ጋር አስማምተው ለበሱት። ከነጻነት በኋላ የደጋው ገበሬ ካኪ ኮትና ካኪ ቁምጣ አሰፍቶ፣ በላዩ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ገበያ ሲወጣ፣ ይህ የጎንደር ገበሬ ትክክለኛ መልክ ነው ተባለ። አያቱ ግን ቢያየው ኖሮ ይደነግጥ ነበር! እያንዳንዱ ትውልድ በልጅነቱ ያየውን ድብልቅ «የጥንቱ» ይለዋል፤ ልጁ የጨመረውን ግን «ብልሹ» ይለዋል።

አሁን ወደ ብሩስ አገር ልመለስ። ስኮትላንድም እንደ እኛ ደጋና ቆላ አላት። የደጋዎቹ ሰዎች ጉርድ ቀሚስ የሚመስል፣ መስመር የበዛበት የሱፍ ልብስ ከአጭር ኮት ጋር ይለብሱ ነበር። በ1746 እ.ኤ.አ. በከሎደን በተባለ ስፍራ በእንግሊዝ መንግሥት ጦር ድል ከተነሡ በኋላ፣ ያ ልብስ በሕግ ተከለከለ። ለብሶ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ወር ይታሰር፣ ቢደግም ሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዝ ተባለ። ለመንግሥት ወታደሮች ብቻ ተፈቀደ። ብሩስ የቆላው ሰው ነበር እንጂ ደገኛ አልነበረም፤ ሕጉ ሲወጣም የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጎንደር ላይ ደስ ብሎት የአማራ ልብስ ሲለብስ፣ በገዛ አገሩ የደጋው ሕዝብ የአባቶቹን ልብስ እንዳይለብስ ገና ተከልክሎ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1782 እ.ኤ.አ. ነው። በ36 ዓመት ውስጥ ግን ብዙ ልጆች በተራ ሱሪ አድገው፣ የአባቶቻቸውን አለባበስ ሳያውቁ ቀሩ። በ1822 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድንበራን ሲጐበኝ ያንኑ ልብስ ራሱ ለበሰ፤ ትናንት ወንጀል የነበረው የጌቶች ጌጥ ሆነ። ዛሬም የዚያ አገር ሰዎች፣ የደጋውን ኮት ከተራ ሱሪ ጋር መልበስ ይገባል ወይስ አይገባም እያሉ ይከራከራሉ። እኛ በሠርጉ ድንኳን የተከራከርነውን መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ልብስን የሚገድለው ከተራ ሱሪ ጋር መለበሱ አይደለም፤ ከትከሻ በግድ መውረዱ ነው። ሁለተኛው፣ የሰውን ልብስ የሚከለክል ሕግ ሁልጊዜ ከንጉሥ ብቻ አይወጣም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አውጥቼዋለሁና፣ አሁን እርሱን ልናገር።

የተወለድሁት በወገራ ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ንጽሕናን፣ ሰዓት ማክበርን፣ መጽሐፍ መውደድን ተማርሁ፤ ስለዚህም አስተማሪዎቼን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ማንም ሳያስተምረኝ ለራሴ አንድ ክፉ ትምህርት ጨመርሁበት፤ ይኸውም የአባቴን ልብስ ማፈር ነው። ሱሪ ከኮት ጋር ሲሆን ሥልጣኔ፣ በርኖስ ደግሞ ድንቍርና መሰለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መልበስ ግን ከሁሉ የከፋ፣ ወዲያም ወዲህም ያልሆነ ነገር ነው ብዬ አመንሁ።

በ1974 ዓ.ም. የ23 ዓመት መምህር ሆኜ በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ የሚመጣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በካኪ የደንብ ልብሱ ሱሪ ላይ ትልቅ ጥቁር በርኖስ ደርቦ ገባ። በርኖሱ የአዋቂ ነበርና ተረከዙ ድረስ ይጐተት ነበር። ልጆቹ ሣቁ። እኔም ማሣቃቸውን በልጁ ላይ አደረግሁትና፦

«ይህ ትምህርት ቤት እንጂ የበግ በረት አይደለም። ወይ ተማሪ ሁን፣ ወይ እረኛ ሁን። አውልቀውና ግባ» አልሁት።

ልጁም «ጋሼ፣ የአባቴ ነው» አለኝ።

እኔ ግን «የማንም ቢሆን አውልቀው» አልሁ።

አወለቀው። በጥንቃቄ አራት አጠፈው፤ መሬት ላይ ሊያኖረው አልፈለገምና፣ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ላይ ይዞት ዋለ። በቀጭን ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ሲጽፍ አየሁት፤ አይቼም ዝም አልሁ። በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ቀረቡና «መምህር፣ በርኖሱ ምን በደለዎ? ልጁ የሚያነበው በዐይኑ ነው እንጂ በትከሻው አይደለም» አሉኝ። አባትዮው ባለፈው ክረምት መሞቱን፣ በጎቹም መሸጣቸውን፣ ከአባቱ ለልጁ የተረፈው ያ በርኖስ ብቻ መሆኑን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ የዚያን ዕለት ማታ ነው። ብርዱ በረታና፣ ከግድግዳው ላይ ጋቢዬን አውርጄ፣ በዚያው ቀን በለበስሁት ሱሪና ኮት ላይ ደርቤ ተቀመጥሁ። በፋኖስ ብርሃን የተማሪዎቹን ደብተር ሳርም የዚያ ልጅ ደብተር እጄ ላይ ደረሰ። ፊደሉ ተንቀጥቅጦ ነበር። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ለተንቀጠቀጠው ጽሕፈት ምልክት ስሰጥ፣ ሕጌ ለቀን ብቻ፣ ለደካማም ብቻ መሆኑ ገባኝ። በማግሥቱ ጠርቼ ልነግረው ዐሰብሁ፤ ኩራት ያዘኝና አልነገርሁትም። ልጁ ከዚያ ወዲያ ያለ በርኖስ ይመጣ ነበር። ከፋሲካ በፊት ግን መምጣቱን ተወ። ወደ ቆላ ለቀን ሥራ ወርዷል አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

በአንድ በርኖስ ምክንያት ትምህርቱን ተወ ለማለት አልደፍርም፤ ድህነትም ነበረ፣ ሞትም ነበረ። ነገር ግን በድህነቱና በሞቱ ላይ እኔ ውርደት ጨመርሁበት። ትከሻውን የሚያሞቅለትንና የአባቱን ስም የሚያስብበትን ልብስ ተራ ሱሪ ስለ ለበሰበት ብቻ አስወለቅሁት። በ1746 የወጣውን የእንግሊዝ ሕግ በታሪክ መጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ጨካኝ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን እኔም በአንድ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሕግ ዐውጄ ነበር።

በሠርጉ ድንኳን ዝም ያልሁት ይህን እያሰብሁ ነው። በመጨረሻ ለሽማግሌው እንዲህ አልኋቸው፦ «አባቴ፣ አባቶቻችን ክብርን ያኖሩት በትከሻ ላይ ነው፤ ሱሪውን ለሥራና ለዘመን ትተውታል። ልጁ በትከሻው ያለውን ካወቀ፣ የእግሩ ነገር አያሳስበን።»

እርሳቸውም ጥቂት ዐሰቡና «ማወቁንስ በምን እናውቃለን?» አሉ።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ ሙሽራው ጉልበት ለመሳም ወደ ሽማግሌዎቹ መጣ። ከመጎንበሱም በፊት፣ ማንም ሳይነግረው፣ ካባውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው አዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ሱሪው አንድ ቃል ሳይናገሩ ረጅም ምርቃት መረቁት።

እንግዲህ ለወጣቶች የምመክረው ይህን ነው። በጂንስ ሱሪ ላይ ጋቢ፣ በሱፍ ልብስ ላይ ካባ፣ በሸሚዝ ላይ በርኖስ ብትደርቡ አትፈሩ፤ የአያቶቻችሁ ልማድ ነው። ነገር ግን የምትደርቡትን ልብስ ቋንቋ ተማሩ። ለቅሶ ቤት ስትገቡ ጥለቱ ወዴት እንደሚዞር፣ በታላቅ ፊት ኩታ እንዴት እንደሚወርድ እናቶቻችሁን ጠይቁ። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓላችን በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ጎንደር የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፤ ልብሱን ለፎቶግራፍ ብቻ አውጥቶ ማግሥቱን የሚረሳ ሰው፣ ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን እንደሚጮኽ ሰው ነው።

ደግሞ ልብሱን የሠራውን ሰው አትርሱ። በጎንደር ሸማውን ሲሠሩ ከኖሩት መካከል እስላም ወገኖቻችንና ቤተ እስራኤል ይገኛሉ። በየበዓሉ የሚያጌጠው ሰው ግን ሠሪውን ይንቅ ነበር። ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ እጃቸውም ከእነርሱ ጋር ሄደ። ዛሬ በገበያው ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተከምሯል። ስለ ባህል የሚቈረቈር ሰው ካለ፣ የልጆችን ሱሪ ከመመርመር ይልቅ፣ የሸማኔውን ዋጋ ሳይከራከር ቢከፍል ይሻላል።

ለመምህራን ግን የምለው አጭር ነው። የደንብ ልብስ የሚያስፈልገው ድኻውና ሀብታሙ በአንድ መልክ እንዲቀመጡ ነው እንጂ፣ ድኻውን ለማስበረድ አይደለም። አንድ ልጅ በብርድ ማለዳ በሱሪው ላይ ያልተለመደ ነገር ደርቦ ቢመጣ፣ ከመናገራችሁ በፊት የማን እንደ ሆነ ጠይቁት። «የአባቴ ነው» ቢላችሁ ደግሞ፣ እኔ በዚያ ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረውንና ያልተናገርሁትን ቃል ንገሩት፦ «በርኖስህን እንደ ደረብህ ግባ፤ እሳቱ አጠገብ ተቀመጥ።»